ባዳ ዓይን

የጨርቁ አብረቅራቂ ፊት ወደ ውስጥ መዞሩን እናትየዋ ያወቀችው ሚኒባሱ ከተማውን ለቆ የመጨረሻውን ነዳጅ ማደያ ካለፈ በኋላ ነው።

ጥቁሩ ጨርቅ ጭኗ ላይ ተጣጥፎ ነበር። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ገደሉን ላለማየት ብላ አንገቷን ደፍታ ጠርዙን ስትዳብስ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አረፈችበት። ጨርቁ ቦግ አለ፤ ቦግ ማለት በማይገባው በኩል።

ልጇ ስንቴ ነግራታለች! «እማ፣ ደብዛዛው ፊት ወደ ውስጥ፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ውጭ። ውስጡ ካብረቀረቀ ከየትም የመጣውን ብርሃን እየለቀመ መስታወቱ ላይ ይደፋዋል፤ ፈዘዝ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋብናል።» እሷም «እሺ፣ ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» ብላ ነበር። ግን ጨርቁ የኮት ገበር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ኮት ስትሰፋ የኖረች ሴት እጅ ገበር ሲይዝ ማንንም አይጠይቅም፤ የገበር አብረቅራቂ ፊት ሁልጊዜ ወደ ለባሹ ነው። የዚህኛው ለባሽ ቴሌስኮፕ መሆኑን እጇ ሳያገናዝብ ሰፍቶት ቁጭ አለ።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች በሆዷ።

እውነት ለመናገር ያልፈራችው ነገር አልነበረም። ጎማው ይፈነዳል ብላ ፈርታለች። ሾፌሩ ያንቀላፋል ብላ ከኋላው ተቀምጣ በየደቂቃው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ልጇን ብርድ ይመታታል ብላ የሹራብ ዓይነት ጭናለች፤ ፀሐይ ያዞራታል ብላ ደግሞ ጃንጥላ። እባቡም፣ ሽፍታውም፣ የተበላሸ እንቁላሉም በየተራው በልቧ አልፏል። ያልፈራችለት ጨርቁን ብቻ ነው። እሱማ የገዛ ሥራዋ ነዋ!

ጉዞው የከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ጉዞ ነው። ማኅበር ይባል እንጂ ቅዳሜ ማታ አንድ መድኃኒት ቤት ጣራ ላይ ወጥተው አንገታቸውን የሚያንጋጥጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከነዚያም ሥራ ያልያዘው፣ ሚስት ያልከለከለችው፣ ጉንፋን ያልጣለው ሦስት ሰው ብቻ ለመንገድ ተረፈ። ሰብሳቢው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነው፤ ሽበታም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው ሰው። መሪውን የያዘው የጂኦግራፊ መምህር ነው። እሱ በተገኘበት ማታ ሁሉ ሰማዩ ይዘጋል ተብሎ ስለሚታማ ማኅበርተኞቹ ስሙን ትተው «ደመና» ይሉታል። ሦስተኛዋ የእሷው ልጅ ናት፤ ቀን መነጽር ቤት ሌንስ ስትቆርጥ ውላ ማታ ስለማትተኛ «ጉጉት» ብለዋታል። እናትየዋ ይህን ስም አትወደውም።

«ሌላ ወፍ አጥታችሁ ነው ሟርተኛዋን የሰጣችኋት?» አለች አንድ ቀን።

«እትዬ፣ እኔስ ደመና ተብዬ የለ?» አለ መምህሩ።

«አንተማ ይገባሃል።»

በከተማቸው የደቡቡ ሰማይ ከጣራና ከጭስ በላይ ለአመል ብቅ ብሎ ይጠልቃል። የደቡብን ኮከቦች በሙሉ ቁመናቸው ለማየት ረጅም መንገድ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ መብራት የሌለበት ደረቅ ሜዳ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ማኅበሩ ይህን ጉዞ ሲያልመው ነው የኖረው። ለልጅቷ ግን ከሕልምም በላይ ነበር፤ ሚኒባሱ ጣራ ላይ የተጫነውን ቴሌስኮፕ የሠራችው ራሷ ናት።

ወፍራም ክብ መስታወት ገዝታ፣ ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ አስቀምጣ፣ ዙሪያውን እየዞረች በሚሞርድ ዱቄት ስትፈትገው ከረመች። ክሽ ክሽ ክሽ። ጎረቤት «ምን እየፈጫችሁ ነው?» እስኪል። የመጀመሪያው መስታወት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ጀመረች፤ ዱቄቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ልም እየሆነ ሄደ። የእንጨት ሳጥኑን አናጢ ሠራላት። ሳጥኑን ከላይኛው ቀለበት ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች ግን የትም አልተገዙም፤ እናትየዋ አንድ ማታ ከሥራ ስትገባ መጋረጃዎቿ በሲባጎ ተንጠልጥለው ስታገኝ ነው ከየት እንደመጡ የገባት። በዘንጎቹ መሃል ክፍት ስለሆነ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ መልበስ አለበት። እነሱ «ቀሚስ» ይሉታል። አሁን ጭኗ ላይ ያለው ያ ነው።

የመጀመሪያው መስታወት የተሰነጠቀ ዕለት እናትየዋ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። የልጅቷ አጎት ሌላ ከተማ፣ እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ አግኝቶላታል። በጊዜ ተገብቶ በጊዜ የሚወጣበት፣ ማታ ከአጎት ቤት የማይወጣበት ሥራ።

«ሁለተኛውም ካልሆነ ትተዪዋለሽ» አለቻት። «እጅሽ ሳያልቅ፣ ዓይንሽ ሳይጠፋ። አጎትሽ ጋ ትሄጃለሽ።»

ልጅቷ የተሰነጠቀውን መስታወት እያየች «እሺ» አለች። «ደቡብ ወስጄው ካልሠራ እተወዋለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ያን ቀን እናትየዋ በልቧ «እንኳን አይሠራ» ብላ ነበር። ከጣራ ትወድቃለች፣ ሌሊት ስትመለስ ሰው ይተናኮላታል፣ ብርድ ሳንባዋ ይገባል። ይቅርባት፤ እንደ ሰው ትኑር።

እንግዲያው ዛሬ ጨርቁ ቦግ ሲል ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም።

«ቁም!» አለች ድንገት።

ደመና ፍሬኑን ረገጠው። ጋሼ ከእንቅልፉ ተፈናጠረ። «ምን ገጨን?»

«ምንም አልገጨንም። ጨርቁን ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ።»

ልጅቷ ዞር ብላ ጨርቁን አየች፣ ቀጥሎ የእናቷን ፊት አየች። የመጣባትን ዋጠችው።

«ገልብጠን ብናለብሰውስ?» አለ ደመና።

«ማሰሪያዎቹ ወደ ውስጥ ይዞሩና በብርሃኑ መንገድ ላይ ይንጠለጠላሉ» አለች እናትየዋ። «ፈትቼ እሰፋዋለሁ።»

«መርፌ ይዘዋል?» አለ ጋሼ።

«ጋሼ ደግሞ! መርፌ ሳልይዝ ከቤቴ የምወጣ መሰልኩዎት? መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ ጠመኔ። ማን ምን እንደሚቀደድበት ይታወቃል?»

«ይኸው እኔ ተቀድጃለሁ» አለ ደመና ልቡን ይዞ። «ሁለተኛ እንዲህ ‹ቁም› አይበሉኝ።»

ያረፉበት የእንግዳ ማረፊያ ከመንገዱ ገባ ብሎ የተሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ከፊቱ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ሌላ ሜዳ። ባለቤቷ ጠና ያለች፣ እጅጌዋን ሁልጊዜ እንደሰበሰበች የምትኖር ሴት ናት። ጋሼ «እኛ ሌሊት ነው የምንሠራው» ሲላት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሌሊት የሚሠራ ሥራ እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱንም ፖሊስ አይወደውም።»

የመጀመሪያው ማታ ሰማዩ እንደ ድስት ተከደነ። ሁሉም ዞሮ ደመናን አየው። ምስኪኑ እራቱን በግማሽ ትቶ «እኔ ምን ላድርግ፣ ልሙት?» እያለ ሄዶ ተኛ።

በማግስቱ እናትየዋ መስኮት ሥር ወንበር ስባ ጨርቁን ፈታችው። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ እየነቀለች፣ ክሩን እየለቀመች፣ አዲሱን መስመር በነጭ ጠመኔ እያሰመረች ዋለች። የቤቱ ባለቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ሰፊ ቀሚስ ነው! ለማን ነው?»

«ለቴሌስኮፕ።»

ሴትዮዋ ሻይዋን ፉት አለች። «ይብረደው አይብረደው ታውቂያለሽ?»

ሁለቱም ሳቁ።

«እና ልጅሽ ይሄን ሁሉ ደክማ ምን ታገኝበታለች?»

እናትየዋ መርፌዋን አቆመች። ይህን ጥያቄ እሷ ራሷ ልጇን ስትጠይቅ ነው የኖረችው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ግን ጎረበጣት።

«ምን እንደምታገኝ አላውቅም» አለች። «ግን መስታወቱን በእጇ ነው የፈተገችው። ከፀጉር ቅንጣቢ የቀጠነ ስህተት እንኳ አይፈቅድም አሉ። እኔ በሜትር የምለካ ሰው ነኝ፤ እሷ የምትለካበትን ነገር ዓይኔም አያየውም።»

ይህን ተናግራ ራሷም ገረማት። ጠመኔዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አመሻሹ ላይ ነፋስ መጣና ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ጠረገው። መምህሩ እየዘለለ ወጣ። ጋሼም የተገዛ፣ ባለሞተር ቴሌስኮፑን ሜዳው ላይ ተከለ፤ ብሎኑን አጠበቀ፣ ሞተሩን አስነሳ። የያዘው ኮከብ ግን እየሮጠ ያመልጠው ጀመር። መለሰው፤ አመለጠው። መለሰው፤ አመለጠው።

«ጋሼ፣» አለች ልጅቷ ሳቋን ይዛ፣ «ፊቱን ወደ ሰሜን እኮ ነው የተከሉት።»

ጋሼ ቆመና አሰበ። ያን ያህል ዘመን መድኃኒት ቤቱ ጣራ ላይ ሲተክለው ወደ ሰሜኑ ኮከብ ነው የሚያነጣጥረው። እዚህ ያ ኮከብ ከመሬት በታች ነው፤ ሰማዩ የሚዞረው በደቡቡ ጫፍ ዙሪያ ነው። ሞተሩም ወደ ተቃራኒው መዞር አለበት።

«እጄ ነው የተከለው፤ እኔ የለሁበትም!» አለ፣ እናትየዋንም እያየ ቀጠለ፤ «እህቴ፣ የእርስዎ እጅና የእኔ እጅ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።»

እናትየዋ ከጨርቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ጨለማው ወፈረ። ነጭ መብራት ክልክል ስለሆነ ቀይ ወረቀት በተለጠፈባቸው ባትሪዎች ብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። ኮከቦቹ ወጡ፤ ወጡ ማለት ያንሳል፣ ተደፉ። እናትየዋ ካፖርቷን ተከናንባ ወንበሯ ላይ እንዳለች ወደ ደቡብ ስታይ ጣቷን ቀሰረች።

«ይኸው መጣ! አላልኩም? ደመና መጣ!»

«እዚሁ ነኝ እትዬ» አለ መምህሩ።

«አንተን አይደለም! እዚያ ማዶ፣ ሁለት ቁራጭ! አንዱ ተለቅ ያለ፣ አንዱ ትንሽ። አሁን ይሰፋና ሁሉንም ይሸፍነዋል።»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አይሰፉም እህቴ። ነፋስም አይወስዳቸውም። የማጄላን ደመናዎች ይባላሉ። እኛ ካለንበት የኮከብ መንደር ውጭ ያሉ ሌሎች መንደሮች ናቸው። በወጣትነቴ ሥዕላቸውን አይቼ በዓይኔ ሳላይ እንዳልሞት ስል ነው የኖርኩት።»

ከዚያ አንጋጦ አያቸው። እናትየዋም አብራው አየች። እውነትም አልተንቀሳቀሱም።

በደቡብ ምሥራቅ የደቡብ መስቀል ዘንበል ብሎ እየወጣ ነበር። ሦስቱ ከመስቀሉ ወዲህ ወዳለ አንድ ነገር እየጠቆሙ «ከፍ ትበል፣ ገና ናት» ሲሉ ቆዩ። ልጅቷ ቀሚሱን ለቴሌስኮፑ አለበሰችው። ደብዛዛው ፊት ወደ ውስጥ፤ ማሰሪያዎቹ ልክክ አሉ። በጎኑ በተገጠመችው ትንሽ መነጽር አነጣጠረች። በዋናው ግን አላየችም።

«ለምን አታይበትም?» አለች እናትየዋ።

«ደንብ ነው» አለ ጋሼ። «አዲስ ቴሌስኮፕ ሲሠራ የሠራው ሰው መጀመሪያ አያይበትም። የሚያውቅ ሰውም አያይበትም፤ የሚያውቅ ሰው ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው። ምንም የማያውቅ ሰው ይቀርባል፣ ያየውን ይናገራል፣ እስኪጨርስ ማንም ትንፍሽ አይልም። ባዳ ዓይን እንለዋለን።»

«እና ባዳውን ከየት ልታመጡት ነው? የቤቱን ባለቤት ልጥራት?»

ሦስቱም ዞረው አዩዋት።

«እኔ?» አለች። «በስመ አብ! እኔ መርፌ ለመሰካት መነጽር የምለብስ ሰው! እናቷ አይደለሁ እንዴ? የእናት ምስክርነት ምን ዋጋ አለው?»

«የሌላ እናት ቢሆን ዋጋ የለውም» አለ ጋሼ። «እርስዎ ግን ክፉውን ሳያዩ ደጉን አይተው አያውቁም። እንከን ካለው ከእርስዎ አያመልጥም።»

«እውነት ነው» አለ ደመና። «ትናንት ሾርባው ውስጥ ያልነበረች ዝንብ አግኝተዋል።»

«ነበረች!»

ልጅቷ መጥታ እጇን ያዘች። የልጅቷ እጅ በዱቄቱ የሻከረ ነው፤ በብርዱ ደግሞ በረዶ ሆኗል።

«እማ፣ እንድትዋሺልኝ አልፈልግም። ያየሽውን ብቻ። ቃሌን ታውቂዋለሽ፤ ካልሆነ አልሆነም።»

እናትየዋ ቃሉን ታውቀዋለች። ያስገባቻት እሷ ናት።

በርጩማው ላይ ወጣች፤ ደመና በአንድ በኩል፣ ልጇ በሌላ በኩል በርጩማውን ይዘዋል። ዓይኗን ደቀነች። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ ጨለማ።

«ይቺን አዙሪያት» አለች ልጇ ጣቷን በትንሿ መዘውር ላይ እያስያዘች። «እስኪጠራልሽ።» ከዚያ በኋላ ደንቡ ደንብ ነውና ዝም አለች።

አዞረችው። ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ያለ ነገር ብቅ አለ። ደግሞ አዞረችው፤ እንፋሎቱ ተሰበሰበና ድቡልቡል የጥጥ ባዘቶ መሰለ። ቆንጆ ነበር። እዚህ ላይ ልተወው አለች። ግን ያልጠራ ስፌት አስረክባ የማታውቅ ሴት ናት፤ ትንሽ ነካ አደረገችው።

ጥጡ ፈረሰ። አቧራ ሆነ። ነጭ፣ የላመ፣ ቁልል ብሎ የተበተነ አቧራ ጥቁር ጨርቅ ላይ።

ይህን አቧራ ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ በእጇ የያዘችው ነው። አዲሱን መስመር ስታሰምር የረገፈውን የጠመኔ ብናኝ አራግፌዋለሁ ብላ ነበር፤ አላራገፈችውም ማለት ነው። ልጇ ወራት ሙሉ በፈተገችው፣ እስትንፋስ እንኳ እንዳይነካው ስትሸፍነው በኖረችው መስታወት ላይ የእናቷን ጠመኔ ነፍታበታለች።

«ያምራል» ማለት ትችላለች። ማን ያውቃል? ቀና ብላ ስትወርድ ግን እነሱም አይተው ውሸቷን ያውቁታል። ደግሞም «አይሠራም» ብትል አልቆ ነበር፤ ነገ አጎቷ ጋ ተደውሎ፣ መስታወቱ አልጋ ሥር ገብቶ፣ ልጅቷ በጊዜ ገብታ በጊዜ የምትወጣ ሰው ትሆናለች። ስትለምነው የኖረችው ነገር እጇ ላይ ወድቋል። እሷ ግን በርጩማው ላይ እንደቆመች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ያንን ነገር ከእጇ ማራገፍ ብቻ ነው የፈለገችው።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «መስታወቱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠመኔዬ ረግፎበታል። ይጠረግና ነገ እንደገና ይታይ። ጋሼ፣ ይሄ እንዳይቆጠርባት! በእኔ ጥፋት ቃሏ አይያዝባትም! አጎቷም ቢሆን አይሰማውም!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሷም የምናገረውን ጨርሻለሁ ብላ ነው ያሰበችው።

ጋሼ ቀስ ብሎ «እህቴ፣ ዓይንዎን አያንሱ» አለ። «ጠመኔው እንዴት ነው? አንድ ላይ ተጣብቋል?»

«የለም። አንድ በአንድ ነው።»

«መሃሉም?»

«መሃል ላይ ተቆልሏል። እዚያም ግን ላስተዋለው ቅንጣት ቅንጣቱ ይለያል። አንዳንዱ ቢጫ ቢጤ ነው፤ ነጭ ጠመኔ ነበር የያዝኩት፣ ቢጫው ከየት እንደመጣ እንጃ። ወደ ዳር እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ከመርፌ ጫፍ ይቀጥናል። እንዲህ የደቀቀ ጠመኔ በዕድሜዬ አላየሁም።»

መጀመሪያ የሰማችው የደመናን ጩኸት ነው። መምህሩ በርጩማውን ለቆ ሜዳው ላይ እንደ እንቦሳ ይዘላል። «ጠመኔ! ጠመኔ አሉ! መሃሉን ለዩት!» ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። «በሰው ጥፋት ይሳቃል?»

«እህቴ» አለ ጋሼ፣ «እያንዳንዷ ያዩዋት ቅንጣት ፀሐይ ናት። እዚያ የተቆለለው ቆጥረው የማይጨርሱት የፀሐይ ክምር ነው። ጥሩ ያልሆነ መስታወት ጥጥ አድርጎት ይቀራል። እኛም ‹ጥጥ አየሁ› እንዳይሉን ነበር ስንጸልይ የነበረው። መሃሉን ቅንጣት በቅንጣት የሚለይ መስታወት የጨዋ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ ገዝቼ ነው ያገኘሁት፣ እሷ ፈትጋ።»

እናትየዋ በርጩማው ላይ እንደ ቆመች ቀረች። ዝቅ ብላ ስታይ ልጇ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቅፋለች። ትሳቅ ታልቅስ በጨለማው አይለይም።

«ምን ትሠሪያለሽ መሬት ላይ?» አለች፤ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ጮኸ። «ይበርድሻል! ተነሺና እይ እንጂ! የገዛ ሥራሽን ማን ይይልሽ?»

ልጅቷ ተነስታ ወጣች። አሁን በርጩማውን የያዘችው እናትየዋ ናት። ልጅቷ ዓይኗን ደቅና ቆየች፤ ቆየች። እናትየዋ ከታች ሆና የምታየው የልጇን ወገብ፣ የተንጋጠጠ አንገቷንና ቀሚሱ ላይ ያረፈች እጇን ብቻ ነበር። ይቺ እጅ አምና ዱቄት ልጧት፣ ቅባት ስትቀባላት «ሴት ልጅ እጇን እንዲህ ታደርጋለች?» እያለች የተቆጣቻት እጅ ናት። አሁን ያችን እጅ ለሰው ሁሉ ማሳየት አማራት። ለጎረቤቶቿ፤ ኮት ለምትሰፋላቸው፤ «ክሽ ክሽ ምንድን ነው» ላሉት ሁሉ። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እያበጠ መጣ። ሕመም ይሆናል ብላ ፈራች፤ ልማዷ ነው። ግን አያምም።

ከዚያ ወዲያ ቴሌስኮፑን ለሌላ ሰው ለማስለቀቅ ከባድ ሆነ። እናትየዋ አንዱን አይታ «ሌላ አምጪ» ትላለች። እንደ ጉም የሚያበራ ጋዝ፣ እንደ ጌጥ ሣጥን ያለ የኮከብ ዘለላ፣ ያ «ደመና» ራሱ ውስጡ ሌላ ዓለም ሆኖ። ጋሼ ተራ ሲጠይቅ «ጋሼ የራስዎ አለዎት አይደል?» አለችው። ጋሼም እየሳቀ ወደ ራሱ ሄደ።

የቤቱ ባለቤት ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፍ ላይ ብቅ አለች።

«ገና ናችሁ? ልዘጋ ፈልጌ ነበር።»

«ነይማ፣ ነይ!» እናትየዋ እጇን ይዛ ጎተተቻት። «በርጩማው ላይ ውጪ፤ አትወድቂም፣ እይዝሻለሁ። ይቺን አዙሪ። ምን ይታይሻል?»

«ምን... ኧረ ዱቄት ነው!»

«ዱቄት አይደለም» አለች እናትየዋ፣ ይህን ሙያ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምረው እንደኖረች ሁሉ። «እያንዳንዷ ፀሐይ ናት። መጥፎ መስታወት ቢሆን ጥጥ ነበር የሚታይሽ። መሃሉን ተመልከቺ፤ ይለያል አይደል? መሃሉን መለየት ነው ቁም ነገሩ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ሳታነሳ «ማን ነው የሠራው?» አለች።

«ልጄ ናት። ከዱቄት ጀምሮ በእጇ።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ «ዘንጎቹ የእኔ መጋረጃ ናቸው።»

ሴትዮዋ ስትወርድ ልጅቷን ቀና ብላ አየቻትና ያለወትሮዋ «አንቱ» አለቻት። «እጅዎ ይባረክ» ብላ ወደ ቤት ገባች። እናትየዋ ይህን ሰማች። ለሰው ስታወራው የምትኖር መሆኗን ያኔውኑ አውቃዋለች።

ቆይቶ በምሥራቅ በኩል ጥቁር ነገር ኮከቦቹን እየዋጠ መጣ፤ ይሄኛው የእውነት ደመና ነው። ሁሉም ዞሮ መምህሩን አየው።

«እስካሁን አስታግሼው ነው» አለ እሱ። «አታመሰግኑም እንዴ?»

መጠቅለል ጀመሩ። ልጅቷ ቀሚሱን ስትፈታ እናትየዋ አጠገቧ ቆማ ማሰሪያዎቹን ታጣጥፋለች።

«እማ፣ አጎቴ ለመጪው ወር ቆርጦ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ይጠብቅ።»

«ምን እለዋለሁ?»

«አንቺ ምንም አትይውም። እኔ እደውልለታለሁ። ‹ልጄ ሥራ አላት› እለዋለሁ። ቢቆጣ የራሱ ጉዳይ፤ ወንድሜ ነው፣ ቁጣውን ከልጅነቱ ነው የማውቀው።» ጨርቁን ብብቷ ውስጥ አደረገችው። «ከጣራ የወደቅሽ ዕለት ግን አልምርሽም። የምትቆሚበት ጋ መከለያ ይሠራበታል። አናጢውን እኔ አናግረዋለሁ።»

«እሺ እማ።»

«እጅሽንም ቅባት ትቀቢያለሽ።»

«እሺ እማ።»

ጋሼ ቴሌስኮፖቹ ሚኒባሱ ውስጥ ይደሩ አለ። እናትየዋ «የእርስዎ ይደር» አለች፤ «የእኛ ብርድ አይወድም፤ መስኮቱን ቢሰብሩትስ? ዝናብ ቢገባስ? እኛ ክፍል ነው የሚያድረው፤ እኔ ወንበር ላይ እተኛለሁ።» ደመናና ልጅቷ ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ሲመጡ እሷ የቤቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ከፍታ «ቀስ! ደፉን! ደፉን እዩት! እዚያ ጋ ደረጃ አለ!» እያለች አሳለፈቻቸው። ጋሼም ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ከኋላ ገባ። እሷ የመጨረሻዋ ናት። አንድ እግሯን ውስጥ አድርጋ፣ ያልተሸፈነ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ሰማዩን አንድ ጊዜ አየች። ጥቂት ቀርቶ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ ቁልፍ ይዛ ቆማለች።

«ሁላችሁም ገባችሁ?»

«ሁላችንም ገባን» አለች እናትየዋ።

ሴትዮዋ በሩን ዘጋችና ቁልፉን አዞረችው።